ሳይቃጠል በቅጠል

ቤታችንንና ልጆቻችንን ከእሳትና ከጢስ ስለ መጠበቅ
(በማኅበራችን የጥር ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአባላት ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እሳትና ስለ ጢስ ነው። ጊዜውን የመረጥነው አውቀን ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ ገለባው በየደጁ ተከምሯል፤ የግጦሹ ሣር ደርቆ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ከአሁን ጀምሮ ክረምቱ እስኪቃረብ ድረስ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫም ሆነ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው የወምበርማ ቆላ ዝናብ ብርቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣል። ለእሳት ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለጠብና ለበሽታ ነው። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ግን የሚናገረው ስለ እሳት ነው። ገና ሲጀምር አንድ የቅጠል ቅርንጫፍ ያጠፋዋል፤ ከያዘ በኋላ ግን ሰፈሩ ሁሉ ቢወጣ አይመልሰውም።

የአገራችን ሰው ከተቃጠለ በኋላ መረዳዳት ያውቅበታል። ጎጆው የተቃጠለበት ጎረቤት ሲኖር እድሩ ይሰበሰባል። አንዱ ወጋግራ፣ አንዱ ሣር፣ አንዷ ቁና እህል፣ አንዷ ቁርበትና ጋቢ ይዛ ትመጣለች። በወንፈል ጎጆው በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይቆማል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም አያቃልለውም። ነገር ግን ጎጆ ቢመለስም የማይመለስ ነገር አለ። ለዘር የተቀመጠው ምርጥ ጤፍ አይመለስም። ታስራ የተቃጠለችው ላም አትመለስም። የተቃጠለ የልጅ ፊት ደግሞ መቼም እንደነበረው አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ከተቃጠለ በኋላ የምናሳየውን ትብብር ወደ ጥር እናምጣው።

ከባሌና ከሰሜን ተራሮች የምንማረው

በ1992 ዓ.ም. በበጋው ወራት በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣውን እሳት ከመካከላችን የሚያስታውሱት አሉ። ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ደን ተቃጥሏል። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው በአሥር ሺዎች ተሰልፎ ታገለ፤ ከውጭ አገርም፣ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ጭምር፣ ባለሙያዎች መጡ። እሳቱ ግን ለሳምንታት ነደደ። በመጨረሻም ዝናብ ባያግዝ ኖሮ ምን ያህል እንደሚቀጥል መገመት ያስቸግራል።

በክልላችን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሆነውን ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተናል። ዋልያ የሚኖርበትና ዓለም በቅርስነት የመዘገበው ተራራ ሲነድ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእስራኤል መጡ። እነርሱ እስኪደርሱ ድረስ እሳቱን የተጋፈጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ በእጁ የነበረውም ቅርንጫፍና አፈር ነበር። በዚያ እሳት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ተነሥቷል። ጠፋ ያልነው እሳት በሥሩ ሊኖር ይችላል፤ ጠባቂ ሳይተዉ መሄድ አይገባም።

እናንተ ሆይ፣ ያ ሁሉ ርዳታ የመጣው ቦታው በዓለም የታወቀ ስለሆነ ነው። ለእኛ ቀበሌ ሄሊኮፕተር አይላክም። በአዲስ አበባ 939 ተደውሎ መኪና ይመጣል፤ ከዋናው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ለገባ መንደር ግን እሳት ሲነሣ የሚደርሰው የመጀመሪያ ሰው ጎረቤት ነው። ያ ጎረቤት ደግሞ በቀን ሰዓት ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ወንዱ ገበያ ወይም ማሳ ላይ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። እሳቱን መጀመሪያ የምታየው እርሷ ናት። እንግዲህ ዝግጅቱ ከእርሷ ካልጀመረ ከማን ይጀምራል?

እሳት ወደ ቤት የሚመጣበት መንገድ

ብዙዎቻችን የሚመስለን ቤት የሚቃጠለው ነበልባሉ እየገፋ መጥቶ ሲነካው ነው። ባለሙያዎች ያረጋገጡት ግን ሌላ ነው። በሰደድ እሳት ከሚወድሙት ቤቶች አብዛኞቹን የሚያቃጥላቸው ነፋስ ተሸክሞ የሚያመጣው ፍም ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ወድመዋል። መኪናው፣ አውሮፕላኑ፣ ውሃው ያለበት አገር ነው፤ ነፋሱ ግን ፍሙን ከሰፈር ሰፈር እየወረወረ አሸነፋቸው። በዚያ አገር የሚሰጠው ምክር ለእኛም ይሠራል፤ ገንዘብም አይጠይቅም፦ ከግድግዳው ዙሪያ ያለው ሁለት እርምጃ መሬት ምንም የሚነድ ነገር እንዳይኖርበት።

እስቲ በየደጃችን ምን እንዳለ እንይ። የገለባው ክምር ከቤቱ ጥግ ነው። ጭራሮውና ኩበቱ ከግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል። ባሕር ዛፉ ከክዳኑ በላይ ያጎነብሳል፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው ደርቆ ሲወድቅ እንደ ክብሪት ነው። ክዳኑ ሣር ከሆነ ደግሞ አንዲት ፍም ትበቃዋለች። ቆርቆሮ ቤት ያለን ሰዎችም ከቤቱ ጎን ማድቤቱ የሣር ከሆነ አልዳንም።

ፍሙስ ከየት ይመጣል? ማሳ ለማጽዳት ከሚለኮስ ቃርሚያ፣ ከሰል ከሚከሰልበት ጉድጓድ፣ ማር ከሚቆረጥበት ዛፍ ሥር፣ እረኛ በቆሎ ጠብሶ ከተወው እሳት ይመጣል። ከእኛ እጅም ይመጣል። እሳት መጫር የጉርብትና ወግ ነው፤ አይቅር። ነገር ግን ነፋስ ሲነሣ በገል ላይ የተሸከምነው ፍም በመንገድ ላይ ይበተናል። አመዱም እንዲሁ ነው። ማታ እሳት አዳፍነን የምናድር ሰዎች ረመጥ በአመድ ሥር እስከ ጠዋት እንደሚቆይ ከማንም በላይ እናውቃለን። ያው አመድ ጠዋት ቆሻሻ መድፊያው ላይ ሲደፋ ውስጡ ያለው ፍም አይሞትም።

ኅዳር ሲታጠንም ልብ እንበል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ ነው። ወሩ ግን እህል የሚከመርበት ወር ነው። የሚታጠነው በጉድጓድ ውስጥ፣ ከክምር ርቆ፣ በጠዋት ይሁን። ፕላስቲክና ጎማ አይጨመርበት፤ ጢሱ መርዝ ነው።

በደን ውስጥ እሳት መለኮስ በሕግም ያስጠይቃል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ለልጆቻችንና ለእረኞቻችን እንንገራቸው።

በየሰፈሩ የሚሠራ ሥራ

በየቡድናችን ተነጋግረን የተስማማንባቸውን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ክምር ከቤት ቢያንስ ሠላሳ እርምጃ ይራቅ። ክምሩን የሚከምረው ወንድ ስለሆነ ጉዳዩን በእድርና በሰንበቴ ላይ እናነሣዋለን። ለዘንድሮ የተከመረውን ማንሣት ካልተቻለ በመካከሉ ያለው መሬት በዶማ ይገለበጥ።

ሁለተኛ፣ የቤቱ ዙሪያ ሁለት እርምጃ ተጠርጎ ባዶ ይሁን። ጭራሮና ኩበት ከግድግዳ ይራቅ። በክዳን ላይ ያጎነበሰ ቅርንጫፍ ይቆረጥ።

ሦስተኛ፣ በግጦሹና በመንደሩ መካከል ሣሩ እስከ አፈሩ የተፋቀ መስመር በወንፈል ይውጣ። እሳት የሚበላው ሲያጣ ይቆማል፤ ቢዘለው እንኳ ኃይሉ ይቀንሳል፣ እኛም የምንቆምበት ቦታ እናገኛለን።

አራተኛ፣ እሳት የሚጫረው በጠዋት፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም ሸክላ ይሁን። አመድ በጉድጓድ ይደፋ፤ ውሃ ወይም አፈር ይጨመርበት።

አምስተኛ፣ በእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጀሪካን ውሃ ሳይነካ ይደር። ዶማው፣ አካፋውና መሰላሉ የት እንዳለ ልጅም ይወቅ።

ስድስተኛ፣ የእሳት ጥሪ ከለቅሶ ጥሪ ይለይ። በጥሩምባውም ሆነ በደወሉ ስንት ጊዜ ሲነፋ ወይም ሲደወል እሳት መሆኑን ከእድሩ ዳኛና ከካህናቱ ጋር እንስማማ። ሽማግሌዎችን፣ አራሶችንና ሕሙማንን ማን እንደሚያወጣ አስቀድሞ በስም ይታወቅ። የታሰረ ከብት ገመዱ ለመፍታት ካስቸገረ ይቆረጥ።

እሳቱ ከመጣ ደግሞ የሰው ነፍስ ይቀድማል። ለሳጥንና ለጎታ ብሎ ወደሚነድ ቤት የሚመለስ አይኑር። የሣር እሳት የሚመታው ከኋላውና ከጎኑ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ነው፤ ከፊቱ ቆሞ አይደለም። በተለይ በዓባይ ሸለቆ ዳገት ላይ ልብ በሉ፦ እሳት ወደ ላይ ሲሮጥ ከሰው ይፈጥናል። ከእሳቱ በላይ በዳገቱ ላይ መቆም ሞት ነው። ናይለን ልብስ ቀልጦ ከቆዳ ይጣበቃል፤ ጥጥ ይሻላል፤ ነጠላም ይታጠቅ እንጂ አይንዘርፈፍ። ልብስ ከተያያዘ መሮጥ እሳቱን ያባብሰዋል፤ መሬት ላይ ተኝቶ መንከባለል ወይም በጋቢ መጠቅለል ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የመሬት ደብተራችን ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ አለ፤ ለብዙዎቻችን ስማችን ተጽፎ ያየንበት ትልቁ ሰነድ ነው። እርሱን፣ የቁጠባ ደብተሩንና የልጆቹን የክትባት ካርድ በአንድ ቦታ፣ ከበር አጠገብ በሚነሣ ቆርቆሮ ሣጥን እናስቀምጥ። ቅጂውን ደግሞ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። ከፍራሽ ሥር የተቀመጠ ብር ከቤቱ ጋር ይነዳል፤ በማኅበር የተቆጠበ ብር ግን አይነድም። ቁጠባችን ለእሳትም መከላከያ ነው።

ቀስ ብሎ የሚያቃጥለው ጢስ

በዓባይ ፏፏቴ ላይ የሚነሣውን የውሃ ጉም ሰዉ «ጢስ ዓባይ» ይለዋል፤ ፏፏቴው «ጢስ እሳት»ም ይባላል። ያ ጢስ ውሃ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። በ1950ዎቹ ከዚያው ፏፏቴ ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠራ። ከስልሳ ዓመት በኋላም በገጠሩ የእኛ እንጀራ የሚጋገረው በእንጨትና በኩበት ነው። የምድጃችን ጢስ እንደ ዓባይ ጢስ አይደለም፤ ከሳንባችን ይገባል።

የሰደድ እሳት ጢስና የማድቤት ጢስ በመሠረቱ አንድ ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጅ ያነሱ ደቃቅ ብናኞች አሉ። አፍንጫ አያስቀራቸውም፤ ከሳንባ ጥግ ይደርሳሉ፤ ወደ ደምም ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱን የሚወስዳቸው በአብዛኛው የሳንባ ምች ነው። እናቶችን ደግሞ ሥር የሰደደ ሳል፣ የልብ በሽታና የዓይን ሞራ ይጎዳቸዋል።

የሰደድ እሳት ጢስ በዓመት ለቀናት ይመጣል፤ የምድጃው ጢስ ግን በየቀኑ አለ። ስለዚህ ከጢስ መጠበቅን ከማድቤት እንጀምር። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። እሳቱ የታጠረ ስለሆነ ፍሙ አይበተንም፤ የሚድኽ ልጅም አይገባበትም። እርሱ እስኪገኝ ድረስም የሚቻል አለ፦ እንጨቱን በደንብ ማድረቅ፤ ከመለኮስ በፊት በርና መስኮት መክፈት፤ ሕፃን በአንቀልባ አዝሎ አለመጋገር።

ጢስ መውጫ ስንሠራ ግን እንጠንቀቅ። በሣር ክዳን መካከል የወጣ የጋለ ቧንቧ ክዳኑን ያያይዘዋል። ጢሱን እናውጣ ብለን እሳቱን ወደ ክዳኑ እንዳንልክ፣ ማድቤቱ ከመኖሪያው ይለይ፤ ቢቻል ክዳኑ ቆርቆሮ ይሁን።

የሰደድ እሳት ጢስ መንደሩን ሲሸፍን ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ሽማግሌዎችንና አስም ያለባቸውን ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ወዳለ ዘመድ ቤት እንውሰድ። መሄድ ካልተቻለ ጢሱ በሚመጣበት በኩል ያለው በርና መስኮት ይዘጋ፤ በቤት ውስጥ ተጨማሪ እሳት አይነድ፤ እጣኑም ለዚያ ቀን ይቅር። እርጥብ ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ አመዱን ይመልሳል እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ እርሱን ተማምነን ጢስ ውስጥ አንቆይ። ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ከተገኘ እርሱ ይሠራል። ልጅ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ነው።

ስለ ቃጠሎ ሁለት ቃል። የተቃጠለ ሰውነት ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ፣ የቡና አተላ አይደረግበት። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሚጥል በሽታ ያለባት እህት ደግሞ በክፍት እሳት አጠገብ ብቻዋን አትተው። ስትወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅማትም። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ ከእሳቱ ቶሎ እናርቃት፣ በጎኗ እናስተኛት። መድኃኒትም አለው።

የምናቀርበው ሐሳብ

አንዳንድ እናቶች በየቡድኑ የተናገሩት እውነት አለው። «የእድርና የማኅበር ገንዘብ ለክፉ ቀን ነው፤ ለዶማና ለምድጃ ካወጣነው ቤት ሲቃጠል በምን እንረዳዳ?» ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው የክፉ ቀኑን ገንዘብ እንድንነካ አይደለም። የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው፣ እያንዳንዱ ቡድን ከወርኃዊ ቁጠባው በራሱ ውሳኔ ጥቂት ለይቶ ለጋራ መሣሪያ ያውል፦ አካፋ፣ ዶማ፣ መሰላል፣ ለውሃ ብቻ የሚያገለግል በጀርባ የሚታዘል መርጫ። የፀረ ተባይ መርጫ ለዚህ አይሆንም።

ሁለተኛው፣ ለምርጥ ምድጃ የሚሆን ተዘዋዋሪ ብድር ይጀመር። ተበዳሪዋ ስትመልስ ቀጣይዋ ትወስዳለች። ቅድሚያ የሚሰጠው ሕፃን ላላት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በቤቷ ላለ፣ ማድቤቷ የሣር ለሆነች እናት ይሁን።

ሦስተኛው፣ ጥር ሳይወጣ በየሰፈሩ አንድ የወንፈል ቀን ይወሰን። ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ሴቶች ሆነን ቤት ለቤት እየዞርን ክምሩን፣ አመዱን፣ የቤቱን ዙሪያ እንይ፤ ለመክሰስ ሳይሆን ለመተጋገዝ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ቤት ተቃጠለ ሲባል የምትልኩት ብርድ ልብስና እህል ብዙ ሰው አቁሟል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የተቃጠለ ቤት ፎቶግራፍ ያሳዝናል፤ ያልተቃጠለ ቤት ፎቶግራፍ ደግሞ ማንንም አያሳዝንም። ልመናችን ይህ ነው፦ ከምትሰጡት ጥቂቱን ምንም ሳይቃጠል ስጡን። የምናሳያችሁ የተጠረገ ደጅ፣ የራቀ ክምርና ጢስ የቀነሰ ማድቤት ይሆናል። ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ሪፖርት የለም።

ሐሳቡን ተወያይታችሁ እጅ አውጡበት። የተወሰነውንም ቤት ስንገባ ለባሎቻችን፣ ለልጆቻችንና ስብሰባ ላልመጡት ጎረቤቶቻችን እናድርስ።  እሳቱ ከምድጃው አይውጣ!